ወደ ኋላ የምትሄደው

የተበላሸው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጅቷ የውሃ ምህንድስና ልትማር ባሕር ተሻግራ ሄዳ ዳንስ ተማረች፤ ከፈተና መቅረት ስታበዛ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተች፤ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ደግሞ ከዳንስ አዳራሹ ሰገነት ወድቃ ሞተች።

ቤተሰቧ ሚጡ ይላታል። የተገኘችው በአዳራሹ ጓሮ፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች በተደረደሩበት ሲሚንቶ ላይ፣ በጀርባዋ እንደተንጋለለች ነው። ከበላይዋ ያለው ሰገነት በአንድ በኩል መደገፊያ ብረት የለውም። ብረቱ ሊበየድ ተነቅሎ ከሄደ ሰንብቷል፤ ክፍተቱን የዘጉት ሁለት ወንበሮች ነበሩ። ፖሊስ ወጥቶ ሲያይ ግን ወንበሮቹ ግድግዳው ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ራሷን ነው የገደለችው አለ። ከትምህርት የተባረረች፣ አገሯ መመለስ ያፈረች ልጅ፣ ወንበሮቹን በእጇ አንሥታ ዘለለች። ነገሩ ቀላልና ለሁሉም የሚመች ነበር። በማግሥቱ የአዳራሹ አኮርዲዮን ተጫዋች መጥቶ፣ ልጅቷ ከመውደቋ በፊት በማያውቀው ቋንቋ አንድ ቃል ስትናገር መስማቱን አስታወቀ። ፖሊሶቹ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ ቅርብ የተገኘችው አብራት የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ነበረች። ሰውዬውን አዳመጠችና ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ቃሉ «ያዘኝ» ነው አለች። አንድ ወንድ ያዘኝ ማለት ነው። በዚያው ዕለት የሚጡ የዳንስ ጓደኛ ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ተጠራች።

እሷም እንደ ሚጡ ለትምህርት መጥታ የቀረች ናት። ለምን እንደቀረች ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። ሊፍት ቆማ ስትጠብቅ ታይታ አታውቅም፤ ደረጃውን ትወጣለች። አለቃዋ ፋይሉን ሲሰጣት «ቋንቋቸውን ስለምታውቂ ወንድሟን አነጋግሪልን፤ ሌላው አልቋል» አላት።

«ካለቀ ለምን ጠራኸኝ?» አለችና ፋይሉን ይዛ ወጣች።

ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን ከእጁ አላስቀመጠም።

«ነፍሷን ይማር» አለችው በራሱ ቋንቋ።

ደነገጠ። «የእኛ ሰው ነዎት እንዴ?»

«መርማሪ ነኝ። ይቀመጡ።»

«መቀመጥ ሰለቸኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። በራሷ እጅ አይደለም፣ አይደል? እናቴ ቀኑን ሙሉ ትደውላለች። ትናንት ‹ሰው ገድሏት ነው› አልኳት። ምን ያለችኝ ይመስልዎታል? ‹ተመስገን› አለች። ልጅሽ ተገደለች ተብላ ተመስገን ያለች እናት ሰምተው ያውቃሉ?»

መርማሪዋ ፋይሉን ገለጠች። «የአክስታችሁ ልጅና ሚጡ ይቀራረቡ ነበር?»

«ይቀራረቡ ነበር ይላሉ? እናቷ በአራስነቷ ስትሞትባት የእኔ እናት ናት ያሳደገቻት። ከሚጡ ጋር ባንድ አልጋ ነው ያደጉት። በጥቂት ወር ብትበልጣት ነው፤ ሚጡ ግን እታለም ነው የምትላት። እዚህም አብረው ነው የተላኩት፣ አንዷ ለአንዷ አደራ ተብለው።»

«በራሷ እጅ መሆኑንና አለመሆኑን እነግርዎታለሁ» አለችው። «ደስ እንዲልዎ ግን አልነግርዎትም።»

የልጆቹ መኝታ ሕንፃ ዕቃ የሚወጣበት ቀን ነበርና ኮሪደሩ በሻንጣና በፍራሽ ተጨናንቋል። እታለም ደረጃው ላይ ተቀበለቻት። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ፍራሽ የተሸከሙ ሁለት ልጆች ከፊት ሲመጡባቸው፣ እታለም ቃል ሳትናገር መዳፏን የመርማሪዋ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ አሳረፈች፤ ወደ ጎን አዞረቻትና በሻንጣዎቹ መሐል አሳልፋ ክፍሉ ውስጥ አስገባቻት። መርማሪዋ መነዳቷ የታወቃት ከገባች በኋላ ነው።

ሁለቱ አልጋዎች ከየግድግዳው ተጣብቀዋል።

«ዳንሱን እንዴት አገኘችው?»

«በስሕተት» አለች እታለም። «በመጣን ሰሞን ልብስ ማጠቢያ ቤት ስንፈልግ የማይሆን በር ከፈትን። ሽማግሌና አሮጊቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይዞራሉ፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ኋላ ብቻ ይሄዳሉ። የዚህ አገር የጥንት ጭፈራ ነው አሉን። ሚጡ ‹እነዚህ ሰዎች ሪቨርስ ብቻ ነው እንዴ የሚችሉት?› ብላ ሳቀች። የቆሸሸ ልብሳችንን በላስቲክ እንደያዝን አመሸን። ከዚያ በኋላ ልብስ ማጠብም ቀረ፣ ማጥናትም ቀረ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እግሬ እንጨት ነው። ፋርማሲ የሚያጠና ሰው ደግሞ ለጭፈራ ጊዜ የለውም።»

«ልምምድ ከማን ጋር ነበር?»

«አንቴና ከሚባለው ከዳንስ ጓደኛዋ ጋር። እዚህ ደግሞ አልጋዎቹን ገፋ አድርጋ ለብቻዋ።»

መርማሪዋ ወለሉን አየች። መሐል ለመሐል በለስላሳ ነገር እንደተወለወለ ያበራል። ከሚያበራው ጎን ለጎን ደግሞ የጎማ ተረከዝ የሚተወው ጥቁር ጭረት አብሮ ይዞራል።

«አንቴና ይዟት ሊሄድ ነበር ይባላል።»

«ከዳንስ ቡድኑ ጋር ከአገር አገር ሊዞሩ። ቅዳሜ ነበር የሚነሡት።» እታለም የትራሷን ጨርቅ አስተካከለች። «ያስቡት እስቲ። አደራ የተሰጠችኝን ልጅ።»

«ማክሰኞ አመሻሹን የት ነበርሽ?»

«ቤተ መጻሕፍት።»

«ምን ስታነቢ?»

«የማነበው ነገር ምን ይሠራልዎታል?» አለችና ወዲያው «ይቅርታ፣ እንቅልፍ የለኝም» አለች።

አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዳንስ አስተማሪው በከዘራው ወለሉን እየመታ ስልት የሚያስይዝ ሽማግሌ ነው። ሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ የመርማሪዋን ጫማ አይቶ በሩ ላይ አስቆማት።

«በዚያ ጫማ አይገባም።»

«ሰው የሞተበት ቤት ነው፤ ይገባል።»

«እንግዲያው ጠርዝ ጠርዙን ይሂዱ።»

ጠርዝ ጠርዙን ሄደች። «ዳንሱን ያስረዱኝ። በአጭሩ።»

«በአጭሩ የሚሆን አይደለም።» ቢሆንም አስረዳት። «ወንዱ ዓይን ይባላል፣ ሴቷ እግር። እግር ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትሄዳለች። በጣቶቿ ነው የምትረግጠው፤ ተረከዟን አታሳርፍም። ወዴት እንደምትሄድ አታይም፣ አትጠይቅም። ግድግዳ እንዳትመታ፣ ሰው እንዳትረግጥ የሚጠብቃት ዓይን ነው። ሚጡ ከሁሉ የምትበልጠው በዚህ ነበር፤ እንደ እሷ የሚያምን እግር አላየሁም። ዛሬ ያሳየኋትን ነገ ተስተካክሎ ታመጣዋለች። አንቴና ከመምጣቱ በፊትም እንዲሁ ነበረች።»

«ማን ነበር የሚያስተካክልላት?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ሴት ዓይን ትሆናለች?»

ከዘራው ወለሉን መታ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ አትሆንም።»

«የዳንስ ጫማዋስ?»

«ሶሉ ስስ ቆዳ ነው። ውጭ አይረገጥበትም፤ አንዲት ጠጠር ከያዘ ወለሌን ይፍቀዋል። ሚጡ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ እንኳ ትቀይር ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ወለሉ ሬንጅ ነው፤ ደቃቅ ጠጠር ተነስንሶበታል። ጠዋት የሟቿን ጫማ አገላብጣ አይታለች፤ ሚጡ የሞተችው የዳንስ ጫማዋን እንደተጫማች ነው። የሁለቱም ጫማ ጫፍ በጠጠር ተፍቆ ሬንጅ ይዟል። ተረከዛቸው ንጹሕ ነው።

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጓሮ በር ላይ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ቃሉን ይድገሙልኝ።»

«ለፖሊስ ነግሬያለሁ። ለዚያች ለቀጭኗም ነግሬያለሁ።»

«ለእኔም ይንገሩኝ።»

«ትርጉሙን አይጠይቁኝ እንጂ ድምፅ ከሆነ ጆሮዬ አይስትም። ሚስቴ ስትሰድበኝ እንኳ በየትኛው ኖታ እንደሆነ አውቃለሁ።» አፉን አሞጠሞጠ። «ያዢኝ። እንዲህ ነው። ያዢኝ።»

መርማሪዋ ሦስት ጊዜ አስደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት አለው።

«ጮኻ ነው?»

«አልጮኸችም። ሰው የሚለምን ነው የሚመስለው። ትንሽም የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ እሱን አልደግምልዎትም።»

የዳንስ ጓደኛዋ አንቴና የተባለው በቁመቱ ነው። የማረፊያ ቤቱ አልጋ ስላልበቃው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«አልነካኋትም» አላት ገና ስትገባ። «ማለቴ፣ ሁልጊዜ እነካታለሁ። ዳንስ ነው።»

«ስትጨፍሩ ታወራ ነበር?»

«በፍጹም። አንድ ቀን ብቻ ሊያዳልጣት ሲል በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለችኝና መልሳ ሳቀች። ‹እታለም መስለኸኝ ነው› አለች። እታለም የዚያች አብራት የምትኖረው ልጅ ስሟ ነው አይደል?»

«ስም አይደለም። የሚወዷት ታላቅ እህት የምትጠራበት ነው።»

«እኔ ግን ሁልጊዜ እታለም እያልኩ ነው የምጠራት» አለ አንቴና። «ለካ የምትገላምጠኝ ለዚህ ነው።»

«ማክሰኞስ?»

«ልምምድ ጨረስን። ‹የምሰናበተው ሰው አለ፣ አንተ ሂድ› አለችኝ። ሻንጣዬን ላዘጋጅ ሄድኩ። የት እንደነበርክ መስክር ይሉኛል፤ ለሻንጣ ማን ይመሰክራል?»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስተማሪው ከዘራውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ተቀመጠ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ያለ መሣሪያው እጁን የሚያደርግበት አጥቷል። አንቴና ከአንድ ወጣት ፖሊስ ጋር በካቴና እንደታሰረ መጣ። ወንድምየውና እታለም ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በትከሻዋ ላይ የወንድምየው ጃኬት አለ።

መርማሪዋ በአገሩ ቋንቋ ጀመረች፤ ወንድምየው እንዲገባው ደግሞ እያንዳንዱን ነገር በራሱ ቋንቋ ትደግመዋለች።

«በመጀመሪያ፣ ሚጡ አልዘለለችም። ሊዘል የመጣ ሰው ፊቱን ወደ ጫፉ አዙሮ ይሄዳል፤ ተረከዙም ይረግጣል። የእሷ ጫማ ሬንጅ የያዘው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በጣቶቿ ወደ ኋላ እየሄደች ነበር። ይህን አረማመድ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«እየጨፈረች ነበር» አለ አስተማሪው።

«እየጨፈረች ነበር። ወደ ኋላ የምትሄድ እግር ደግሞ ዓይን አላት። ሰገነቱ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ።»

ወንድምየው በረጅሙ ተነፈሰ። ወደ አንቴና ዞረ፤ ዓይኑን አልነቀለም።

«ይቆዩ» አለችው መርማሪዋ። «ሁላችሁም ወንድ ፈለጋችሁ፤ በዚህ ዳንስ ዓይን ወንድ ነውና። አስተርጓሚዋም ወንድ ሰጠቻችሁ። ‹ያዘኝ›፣ እሱ ያዘኝ። ግን ለማን ነው የምትናገረው? ሰገነቱ ላይ ሦስተኛ ሰው የለም። ጓሮ ያለውን ሰውዬ አላየችውም። የተያዘ ሰው ደግሞ ‹እሱ ያዘኝ› ብሎ ለያዘው ለራሱ አይናገርም።» ወደ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዞረች። «ቃሉን ይበሉት።»

«ያዢኝ» አለ ሰውዬው።

ወንድምየው ፊቱን ከአንቴና ላይ አነሣ።

«ድገመው» አለ ሌሎቹ በማያውቁት በራሱ ቋንቋ። ማስተርጎም አላስፈለገም።

«ያዢኝ።»

አንድ ድምፅ ብቻ ነው የተለወጠው። መርማሪዋ ለሌሎቹ አስረዳች፤ በዚያ ቋንቋ ሰው ሲለምኑ ወንድ መሆኑና ሴት መሆኑ ከቃሉ ውስጥ አይጠፋም። ወንድ ቢሆን ‹ያዘኝ›። ሴት ስትሆን ‹ያዢኝ›። እንዳልወድቅ ያዢኝ ማለት ነው። ሚጡ ይህን የምትለው ቋንቋዋን ለምታውቅ ሴት ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለችው ዘመዷ አንዲት ናት።

ማንም ወደ እታለም አላየም። ወንድምየው ብቻ ጃኬቱን ያስተካከለላት መሰለ፤ እጁ ግን ጃኬቱ ላይ እንደቀረ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ዳንስ አልችልም» አለች እታለም።

«እግር መሆን አትችዪ ይሆናል። ዓይን መሆን ግን ትችያለሽ። አስተማሪው ያሳያትን ማታ ማታ የሚያስተካክልላት ሰው ነበር። ክፍላችሁ ወለል ላይ ለስላሳ ሶል ያበራው ቦታና የጎማ ተረከዝ የጫረው አብረው ይዞራሉ፤ ለብቻው የሚጨፍር ሰው ሁለት ዓይነት ጫማ አይጫማም። አንቴና ጋ ሊያዳልጣት ሲል በቋንቋዋ ያናገረችው አንቺ መስሏት ነው። እኔን ራሴን በዚያ ኮሪደር በአንድ መዳፍ ነዳሽኝ፤ ለምዶብሽ ነው። ለፖሊሶቹ ቃሉን ስትተረጉሚም ‹ዢ›ን ወስደሽ ‹ዘ›ን ተካሽ።»

«ተሳስታለች በያቸው» አለ ወንድምየው።

«ወንድምጋሼ…»

«ተሳስታለች በያቸው አልኩሽ እኮ።»

እታለም ጃኬቱን ከትከሻዋ አወረደች፤ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው።

«አልገፋኋትም» አለች። «ለቀቅኳት እንጂ።»

አስተማሪው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። የነገረው የለም።

«እዚህ አገር የሚያናግረኝ ሰው የለም» አለች። ድምፅዋ ለቅሶ የለውም፤ ሐኪም ቤት ሕመሟን የምታስረዳ ነው የምትመስለው። «ቀን ቀን መድኃኒት እቆጥራለሁ፤ ማታ አልጋዎቹን እንገፋለን። ሁለት ዓመት ዓይኗ እኔ ነበርኩ። እዚህ አምጪኝ ብላት ሴት ዓይን አትሆንም ይላሉ አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ አንቴና መጣ። ማክሰኞ ልሰናበትሽ ብላ ጠራችኝ። ‹አንቺ ዲግሪሽን ጨርሺ፣ እማዬን አንቺ አስደስቻት› አለችኝ። አንዴ ብቻ አዳራሽሽ ውስጥ እንጨፍር አልኳት። ሽማግሌው ይቆጣል አለች። ሰገነት ላይ ወጣን።»

«ወንበሮቹን ማን አነሣቸው?»

«እኔ። ቦታ እንዲሰፋን።»

«ለቦታ ብቻ?»

«ሳነሣቸው ለቦታ ነበር።» እታለም ትንሽ አሰበች፤ መልሱን ለራሷም የምትፈልገው ይመስላል። «ጫፉ ጋ ስንደርስ አወቅሁ። እሷ አላወቀችም፣ ዓይኗን ጨፍናለች። እግሯ ባዶ ሲረግጥ ‹ያዢኝ› አለች። እየሳቀች። እንደምይዛት ስለምታውቅ። ሁልጊዜ እይዛታለሁ።»

ወጣቱ ፖሊስ የአንቴናን ካቴና ፈታ፤ ያንኑ ካቴና ለእታለም አደረገላት። የእጇ አንጓ ቀጭን ስለነበር እስከ መጨረሻው ጥርስ አጠበቀው። እየወሰዳት ሲሄድ ወንድምየውን ልታየው ዞረች። እሱ መሬት መሬት ያያል። አንቴና አንጓውን እያሻሸ ተከትሏቸው ወረደ። አስተማሪው ከዘራውን ሳይመታ ወጣ፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ «ምን ማለት እንደነበር ባላውቅ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ተከተለው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የወንድምየው ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አውጥቶ አየውና አላነሣውም።

«ፋይሉ ተዘግቷል?»

«አልተዘጋም።»

«እንግዲያው ራሷን ገደለች ይባል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። «ትናንት በራሷ እጅ አይደለም በሉኝ ብለው ለመኑኝ።»

«ትናንት እናቴ አንዲት ሴት ልጅ ቀርታላት ነበር። ራሷን ገደለች ይባል። ያሙን፤ እንችለዋለን። ይቺኛዋን ይዤላት ልመለስ።»

«አይባልም።»

«ምን ይጎድልብዎታል? እኔ ወንድሟ ይቅር እያልኩ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሚጡ ያዢኝ ነው ያለችው። ዘለለች ብዬ አልጽፍም።»

ስልኩ አቆመ። ወዲያው እንደገና ጀመረ። ወንድምየው ለሁለተኛ ጊዜ አየው።

«ምን ልበላት?»

«አላውቅም» አለችው። እውነቷን ነበር።

ሻንጣውን አነሣ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ ለማንሣት እጁን ዘረጋና ተወው። በዚያ በሚያበራ ወለል መሐል ለመሐል በውጭ ጫማው እየሄደ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«አለሁ፣ እማዬ» አለ። የሚቀጥለውን ማንም እንዳይሰማበት ወጥቶ በሩን ዘጋው።